ዶክ ይሻላችኋል ወይስ ፓነል? ለግኖም ዴስክቶፕ ኤክስቴንሽን አመራረጥ

የእህቴን ላፕቶፕ ፎርማት አድርጌ ሊኑክስ ጫንኩላት። ማሽኑ ሰከንድ ሃንድ ነው፤ ስክሪኑ 1366 በ768 የሆነ፣ በየላፕቶፕ ሱቁ ተደርድሮ የምታዩት ዓይነት። ምንም ያልተነካካ ግኖም አስገባሁበት፤ ግኖም ከሊኑክስ ዴስክቶፖች አንዱ ነው። የሂሳብ ፋይሏን ከፈተች። ቀጥላ ብራውዘር ከፈተች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «የቅድሙ የት ገባ?» አለችኝ።

የትም አልገባም። ከብራውዘሩ ጀርባ ነው። ግን ይህን የሚነግራት አንድም ምልክት ስክሪኑ ላይ የለም። ታች ታስክባር የለ፣ ጎን ዶክ የሚባለው የአይከን ረድፍ የለ። መስኮቱን ዝቅ የምታደርግባት ምልክት እንኳ የለችም፤ ጥጉ ላይ ያለችው መዝጊያዋ ብቻ ናት።

ግኖም ይህን ያደረገው ረስቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ግኖም 3 ሲወጣ ጀምሮ አቋሙ ይሄው ነው፦ ሥራችሁ ላይ አተኩሩ፣ ሌላ መስኮት ሲያስፈልጋችሁ ሱፐርን ተጫኑ። ሱፐር የምትባለው የዊንዶውስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት። ስትጫኗት የከፈታችሁት ሁሉ ተዘርግቶ ይታያል፤ ዳሽ የሚባለው የአይከን ረድፍም ብቅ ይላል። ስትተዉት ተመልሶ ይደበቃል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ስንት ዓመት ወደ ታች ሲያይ የኖረ ዓይን በአንድ ቀን አይዞርም።

ኤክስቴንሽን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ግኖም ሼል በሚባለው፣ ባሩንና ዳሹን በሚያሳየው የግኖም ክፍል ውስጥ ገብቶ መልኩንና ጠባዩን ይለውጣል። መጠኑ ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም፤ ዳታ ይበላብኛል ብላችሁ አትስጉ። ብዛታቸው ማለቂያ የለውም። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ግን ስለ ሁለቱ ነው፦ ዳሽ ቱ ዶክ እና ዳሽ ቱ ፓነል። ሁለቱም ያንን የተደበቀ ዳሽ አውጥተው ዓይን ሥር ያኖሩታል። የሚለያዩት አኗኗሩ ላይ ነው።

ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። የቱ ያምራል የሚለውን ተዉት። በአንድ ጊዜ የአንድን ፕሮግራም ስንት መስኮት ትከፍታላችሁ? ብራውዘር አንድ፣ ቴሌግራም አንድ፣ የጽሑፍ ፕሮግራም አንድ ከሆነ መልሱ ወደ ዶክ ይሄዳል። ስድስት የሂሳብ ሰነድ ጎን ለጎን የምትከፍቱ ከሆነ ወደ ፓነል።

ምንም ሳትጨምሩስ?

ይህን ምርጫ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ አልዘለውም። ሱፐርን ተጭናችሁ የፕሮግራሙን ስም ሁለት ሦስት ፊደል ስትጽፉ ይመጣል። ሱፐርና 1 ዳሹ ላይ መጀመሪያ የተቀመጠውን ይከፍታል፤ ተከፍቶ ከሆነ ወደሱ ይወስዳችኋል። ሱፐርና 2 ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ እስከ 9። ኦልትና ታብ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ያሻግራል። ከታብ በላይ ያለችውን ቁልፍ ከኦልት ጋር ስትጫኑ ደግሞ የያዛችሁት ፕሮግራም መስኮቶች ብቻ ይፈራረቃሉ። ኪቦርድ ለለመደ እጅ ከዚህ የፈጠነ አላየሁም። ማሻሻያ ሲመጣ የሚሰበር ነገርም የለውም።

ለእኛ ግን አንዲት እሾህ አለችው። አማርኛና እንግሊዝኛ እያፈራረቀ የሚጽፍ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ደብዳቤ በአማርኛ እየጻፋችሁ ነው እንበል። ፋየርፎክስ አስፈለጋችሁ። ሱፐርን ተጫናችሁ፣ ሦስት ፊደል መታችሁ። የፍለጋው ሳጥን ውስጥ «ፊር» ይላል። ምንም አልተገኘም። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነዋ! ሱፐርና ስፔስ ብላችሁ ወደ እንግሊዝኛ፣ የተጻፈውን ማጥፋት፣ እንደገና መጻፍ፣ ብራውዘሩን መክፈት፣ ወደ ደብዳቤው ስትመለሱ እንደገና ወደ አማርኛ። ይህን በቀን ሠላሳ ጊዜ አስቡት። አይከን ቋንቋ አይጠይቅም። ዶክም ይሁን ፓነል፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ ጥቅሙ ለኔ ይሄ ነው።

ዳሽ ቱ ዶክ

ዳሹን ከተደበቀበት አውጥቶ ከስክሪኑ አንድ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ከማክ የመጣ ሰው ቤቱ የገባ ይመስለዋል። የላይኛው ባር እንዳለ ይቀራል፤ ሰዓቱም፣ ዋይፋዩም፣ ባትሪውም፣ የኪቦርዱ ቋንቋ ምልክትም ከላይ ናቸው።

የምወድለት ነገር አደባበቁ ነው። ዴስክቶፑ ባዶ ሲሆን ይታያል። መስኮት ሊነካው ሲመጣ ዞር ይላል። ማውሱን ወደ ጠርዙ ገፋ ስታደርጉት ይመለሳል። ገፋ ስል መንካት ብቻ አይበቃም፤ ጠርዙ ላይ ደርሳችሁም መግፋቱን ትንሽ መቀጠል አለባችሁ። በቴች ፓድ ይህ ያናድዳል። ዘጠኝ ነጥብ ያለባትን የፕሮግራሞች ምልክት በቀኝ ክሊክ ንኩና ሴቲንጉን ክፈቱ፤ የግፊቱን ልክ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

እዚያው ሴቲንግ ውስጥ አንድ አይከን ሲነካ ምን ይሁን የሚለውን ትመርጣላችሁ። መስኮቱ ዝቅ ይበል፣ መስኮቶቹ በየተራ ይምጡ፣ ወይም ትንንሽ ምስላቸው ይታይ። የዶኩን ቦታ፣ የአይከኑን መጠን፣ ግልጽነቱን ሁሉ እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ።

የሚደክመው መስኮት ሲበዛ ነው። ከአይከኑ ሥር የተከፈተውን የሚነግራችሁ ነጥብ ነው፤ ነጥቡም አራት ላይ ይቆማል። እህቴ ስድስት ሰነድ ስትከፍት ዶኩ የሚላት «አንድ አይከን፣ አራት ነጥብ» ብቻ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ክሊክ ያስፈልጋታል።

ቦታውንም አስሉ። አይከኑ 48 ፒክሰል ሲሆን ዶኩ ከነዙሪያው ከ60 ይበልጣል። የላይኛውን ባር ሲደምሩት ከ768ቱ ወደ መቶ የሚጠጋው ሄደ ማለት ነው። በትንሽ ስክሪን ዶክን ሁልጊዜ እየታየ ከታች ማስቀመጥ ብክነት ነው። ወይ ግራ ጎን አድርጉት፣ ወይ እንዲደበቅ ፍቀዱለት። ስክሪን ወደ ጎን ሰፊ ነው፤ የሚያጥረን ቁመቱ ነው።

ኡቡንቱ ያላችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ

ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኒቲ የተባለውን የራሱን ዴስክቶፕ ትቶ ወደ ግኖም ሲመለስ፣ ከ17.10 ጀምሮ ግራ ጎን ዶክ ይዞ ነው የመጣው። ያ ኡቡንቱ ዶክ የዳሽ ቱ ዶክ ልጅ ነው፤ ኮዱ ከዚያ ነው የተቀዳው። ስለዚህ ኡቡንቱ ላይ ዳሽ ቱ ዶክን የሚጭን ሰው ያለውን ነገር ነው ደግሞ የሚጭነው።

ሰው ለምን ይጭነዋል ታዲያ? የኡቡንቱ ሴቲንግ ጥቂቱን ብቻ ስለሚያሳይ ነው። መደበቅ፣ የአይከን መጠን፣ ቦታ፣ ሙሉ ጠርዙን መያዝ፣ ሌላም ትንሽ ነገር። በጣም የሚፈለገው ግን አይከኑን ሲነኩት መስኮቱ ዝቅ እንዲል ማድረግ ነው፤ እሱ እዚያ የለም። ጠፍቶ ሳይሆን ተደብቆ ነው። ሁለቱ የሚያነቡት ሴቲንግ አንድ ቦታ ስለሆነ ዲኮንፍ ኤዲተር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና በዚህ መንገድ ግቡ፦ ኦርግ፣ ግኖም፣ ሼል፣ ኤክስቴንሽንስ፣ ዳሽ ቱ ዶክ። ዝርዝሩ ውስጥ «ክሊክ አክሽን» የምትል አለች። ነባሩን ምርጫ አጥፉና «ሚኒማይዝ» የሚለውን ምረጡ። አለቀ። ወዲያው ይሠራል፤ ማጥፋትና ማስነሳት የለ፣ አዲስ ኤክስቴንሽን የለ።

እኔ ለኡቡንቱ ተጠቃሚ የምመክረው ይህንን ነው። ኡቡንቱ ዶክ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ማሻሻያ ሲደረግ ከኋላ አይቀርም። ከውጭ የጫናችሁት ዳሽ ቱ ዶክ ግን ጸሐፊዎቹ እስኪደርሱለት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። የግድ ዋናውን እፈልጋለሁ ካላችሁ መጀመሪያ ኡቡንቱ ዶክን አጥፉት። ሁለቱን አብሮ ማብራት ጠብ መግዛት ነው።

ዳሽ ቱ ፓነል

ይሄኛው ላይ በደንብ እቆያለሁ፤ ሰፊ ነው።

ዳሽ ቱ ፓነል ዳሹን ብቻ አያወጣም። የላይኛውን ባር አውርዶ ከዳሹ ጋር ይቀላቅለዋል። ከታች አንድ ወፍራም መስመር ብቻ ይቀራል፤ በስተግራ ፕሮግራሞች፣ በስተቀኝ ሰዓትና ዋይፋይ። ከዊንዶውስ የመጣ ሰው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ሥራውን ይቀጥላል። እህቴም እንደዚያ ነው ያደረገችው። ጫንኩላት፣ «እ!» አለች፣ ዞራ ሥራዋን ያዘች።

በትንሽ ስክሪን ትርፉ ግልጽ ነው። ሁለት የነበረው አንድ ሆነ። ሲመጣ ውፍረቱ 48 ፒክሰል ነው፤ እኔ ወደ 36 ዝቅ አድርጌላታለሁ። ዶክና የላይኛው ባር አብረው ከሚወስዱት ጋር ሲተያይ በአንድ የሂሳብ ሰነድ ላይ ሁለት ሦስት ረድፍ ተጨማሪ ታያላችሁ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አይከኑ ላይ ማውስ ስታሳርፉ የመስኮቶቹ ትንንሽ ምስል ብቅ ይላል፤ ከዚያው መርጣችሁ መግባት ወይም መዝጋት ትችላላችሁ። ዋናው ግን ማለያየቱ ነው። የአንድ ፕሮግራም መስኮቶች በአንድ አይከን ከሚታጨቁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁልፍ ከነስማቸው እንዲኖራቸው ማድረግ ይቻላል፤ እንደ ድሮው ታስክባር። ስድስት ሰነድ ስድስት ቁልፍ ሆነ። የእህቴ «የት ገባ?» ያበቃው እዚህ ላይ ነው።

አበቃ ስል ግን ሌላ ነገር መጣ። ቁልፉ ላይ ለስሙ የተተወው ቦታ ውስን ነው፤ ከዚያ የተረፈው ይቆረጣል። የእህቴ ፋይሎች ሁሉ ስማቸው «የ2017 በጀት ዓመት» ብሎ የሚጀምር ነው፤ ወሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ። ስለዚህ ከታች የተደረደሩት ስድስቱም ቁልፎች አንድ ዓይነት ሆኑ። «የ2017 በጀት…» ስድስት ጊዜ። የስሙን ስፋት ከሴቲንጉ ጨመርኩላት፣ ፓነሉ ጠበበ። ቀነስኩት፣ ስሙ ተቆረጠ።

ሌላው የምወድለት ቦታ ማስቀያየሩ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ የፓነሉ ዕቃዎች በዝርዝር ይታያሉ፤ የፕሮግራሞች ምልክት፣ ታስክባሩ፣ ሰዓቱ፣ የሲስተሙ ሜኑ፣ ዴስክቶፕ ማሳያዋ። የፈለጋችሁትን ወደ ግራ፣ ወደ መሐል፣ ወደ ቀኝ ትወስዳላችሁ፤ ያልፈለጋችሁትን ትደብቃላችሁ። ሁለት ስክሪን ያለው ሰው በእያንዳንዱ ላይ ፓነል ማስቀመጥ ይችላል። ሁሉንም አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ሴቲንጉን ወደ ፋይል አውጥታችሁ አስቀምጡ። ሌላ ማሽን ላይ በአንድ ክሊክ ትመልሱታላችሁ። እኔ ፋይሏን ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬ ነው የማስቀምጣት።

የኪቦርዱ ቋንቋ ምልክት አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። ለአንዳንዱ ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን አማርኛ ላይ ነኝ እንግሊዝኛ እያልኩ በቀን መቶ ጊዜ የማያት ምልክት ናት፤ ዓይኔ ፈልጎ የሚያገኛት ከላይ በስተቀኝ ነው። ከታች ስትሆን ሳምንት ፈጀብኝ። እኔ ራሴ ወደ ዶክ የተመለስኩበት አንዱ ምክንያት፣ ሳቁብኝ፣ እሷ ናት።

ጉዳቱ ምንድነው? ዳሽ ቱ ፓነል ብዙ ነገር ይነካል። ዶክ ዳሹን ያንቀሳቅሳል፤ ፓነል የላይኛውን ባር ጭምር አፍርሶ ይገነባል። ብዙ የሚነካ ነገር አዲስ ግኖም ሲወጣ ብዙ የሚስተካከል ነገር አለው። ሌላ ባር ላይ የሚለጠፍ ኤክስቴንሽን ካላችሁም አብሮ ፓነሉ ላይ ይጨናነቃል። ከዳሽ ቱ ዶክ ጋር አብራችሁ እንዳታበሩት ደግሞ።

ማሻሻያ ሲመጣ የሚሆነው

ግኖም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በሴፕቴምበር አካባቢ አዲስ እትም ያወጣል። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን የሚሠራባቸውን እትሞች በራሱ ፋይል ላይ ጽፎ ይይዛል። የእናንተ እትም እዚያ ካልተጻፈ ሼሉ አይጭነውም፤ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ያልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊዎቹ ትንሽ ነካክተው ቁጥሩን ይጨምራሉ፣ ነገሩ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የወጣው ግኖም 45 ግን አልተቻለም። የጃቫስክሪፕት ፋይሎች የሚጠሩበት መንገድ ስለተለወጠ የቀድሞዎቹ ኤክስቴንሽኖች ሁሉ እንደገና መስተካከል ነበረባቸው።

ያኔ አሥራ አራት ኤክስቴንሽን ነበረኝ። ሥራ የማስረክብበት ዋዜማ ማታ አፕዴት አደረግሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ጠዋት ስነሳ ዘጠኙ የሉም። ዴስክቶፔ ተላጭቶ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳላደርግ አፕዴት አልነካም። ኤክስቴንሽን ማናጀር የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ፍላትሃብ ከሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራሞች ማከማቻ ይገኛል። ኤክስቴንሽን መፈለግም፣ መጫንም፣ ማጥፋትም በእሱ ነው፤ ብራውዘር አያስፈልግም። ሜኑው ውስጥ የማሻሻያ ረዳት አለችው። ቀጣዩን የግኖም እትም ስትነግሯት የጫናችሁትን አንድ በአንድ አይታ የቱ እንደተዘጋጀ፣ የቱ እንዳልተዘጋጀ ትነግራችኋለች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ የያዛችሁት ሊኑክስም ምርጫውን ይወስናል። ኡቡንቱ 24.04 ግኖም 46ን ይዞ ለዓመታት ይቆያል፤ ዛሬ የሠራ ኤክስቴንሽን እዚያው ላይ እስካላችሁ ይሠራል። ዴቢያንም ቶሎ አይንቀሳቀስም፤ 13ኛው ግኖም 48 ላይ ነው። እነዚህ ላይ ፓነልን ያለ ሐሳብ ጫኑ። ፌዶራ ላይ ከሆናችሁ በየስድስት ወሩ አዲስ ግኖም ይመጣላችኋል። እዚያ ጥቂት ይዞ መኖር ይሻላል፤ አዲስ ሲወጣም ሁለት ሦስት ሳምንት መታገስ አይጎዳም።

አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። ኤክስቴንሽን ከሼሉ ተለይቶ አይሠራም፤ ሼሉ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። በግኖም ድረ ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት ኮዱን ሰው ያየዋል። ስህተት ካለበት ግን ሼሉን ይዞት ሊወድቅ ይችላል። ዌይላንድ በሚባለው፣ መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው ሥርዓት ላይ ሼሉ ሲወድቅ የከፈታችሁት ሁሉ አብሮ ይዘጋል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ሄደ። ገብታችሁ መሥራት ካቃታችሁ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን ተጭናችሁ በጥቁሩ ስክሪን ግቡ። ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ተደብቆ የሚገኘው «ሎካል»፣ ከዚያ «ሼር»፣ ከዚያ «ግኖም ሼል» ሥር «ኤክስቴንሽንስ» የሚባል ፎልደር አለ። ስሙን ቀይሩትና ማሽኑን አስነሱ። ከውጭ የጫናችሁት ሁሉ ይጠፋል፣ ዴስክቶፑ ይመለሳል።

አብረው የሚነሱ

ዶክም ፓነልም የማይሰጡት አንድ ነገር አለ። ግኖም ድሮ የነበረውን የትንንሽ ምልክቶች ማረፊያ በ3.26 ላይ አንስቶታል። ቴሌግራምን ስትዘጉት ከጀርባ እየሠራ ምልክቱ ጥግ ላይ የሚቀመጥባት ቦታ ማለቴ ነው። ኡቡንቱ ይህን የሚመልስ ኤክስቴንሽን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ንጹሕ ግኖም ያላችሁ ግን «አፕ ኢንዲኬተር» የሚለውን ፈልጋችሁ ጫኑ፤ ያለሱ ቴሌግራም የጠፋ ይመስላችኋል።

የዊንዶውሱን ዓይነት ሜኑ ለሚፈልግ አርክ ሜኑ አለ፤ ከፓነል ጋር ይስማማል። የዴስክቶፑን ጀርባ የሚያደበዝዘው ብለር ማይ ሼል ያምራል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ግን ማደብዘዙ ግራፊክሱን ያደክመዋል፤ እኔ አላስገባውም።

ግኖምን ዊንዶውስ ለማስመሰል አምስት ስድስት ኤክስቴንሽን የምትደረድሩ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ሊኑክስ ሚንት ሲናሞን ከሚባለው ዴስክቶፑ ጋር፣ ወይም ኬዲኢ ፕላዝማ የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ፣ ታስክባሩንም ሜኑውንም የትንንሽ ምልክቶች ማረፊያውንም በራሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ዞሪን ኦኤስ የሚባለው ሊኑክስም ግኖም ላይ ሆኖ ከዳሽ ቱ ፓነል የተቀዳ የራሱን ታስክባር አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። የተሰፋ ልብስ እያለ ጨርቅ ገዝቶ መቅደድ ለምን?

እህቴ ጋ ዛሬ ያለው ዳሽ ቱ ፓነልና አፕ ኢንዲኬተር ነው፤ ሁለት ብቻ። እኔ ጋ ኡቡንቱ ዶክ፣ ግራ ጎን፣ ሚኒማይዝ በርቶለት። የቁልፎቹን ስም ነገር እሷው ጨረሰችው። እኔ ከስፋቱ ጋር ስታገል እሷ ፋይሎቿን ከፍታ ስማቸውን ገለበጠች፦ «ሐምሌ የ2017 በጀት»፣ «ነሐሴ የ2017 በጀት»። ታች ስድስት ቁልፍ፣ ስድስት ወር። «አንተ ሴቲንግ ትፈልጋለህ» አለችኝና ወደ ቁጥሯ ተመለሰች።